ገርል ስካውት ለምትገባው ልጄ

ከትምህርት ቤት የገርል ስካውት ማስታወቂያ ይዘሽ ገብተሽ፣ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ እንደተለጠፈ የቀረብሽ ልጄ፤ ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሁኚ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታም ሁኚ ሚኒያፖሊስ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ኑሮ አውቀዋለሁ። እናትሽ የሌሊት ሽፍት ሠርታ ገብታ ተኝታለች፤ አባትሽ ከሥራ አልተመለሰም፤ ታናሽ ወንድምሽን ከባስ የምትቀበይው አንቺ ነሽ። እኔ ለብዙ ዓመታት በበጎ ፈቃድ ልጃገረዶችን ከሚመሩት ሴቶች አንዷ ሆኜ የእኛንም የሌላውንም አገር ልጆች ሲያድጉ አይቻለሁ። አማርኛው ከከበደሽ እናትሽ ታንብብልሽ፤ ለእሷም የምለው አለኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳይጠሩሽ መግባትሽ አያሳፍርሽ።

ስካውትን የጀመረው ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። በ1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ሰብስቦ ካምፕ አደረገ፤ በዓመቱ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱም ለወንዶች ልጆች እንደተጻፈ በግልጽ የሚናገር ነበር። ሴቶች ልጆች ግን መጽሐፉን አነበቡትና በየሰፈራቸው የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። በ1909 ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ስፍራ ወንዶቹ ስካውቶች በሺዎች ሆነው ሲሰለፉ፣ ጥቂት ልጃገረዶች ዩኒፎርም አስመስለው ለብሰው መጡና “እኛም ስካውቶች ነን” አሉ። የጠራቸው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የቤደን ፓወል እህት አግነስ የምትመራው የልጃገረዶች ማኅበር ተመሠረተ። እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ገርል ጋይድስ ይባላሉ።

ወደ አሜሪካ ያመጣችው ጁሊየት ጎርደን ሎው ናት። ስትጀምር ሃምሳ ዓመት አልፏት ነበር፤ ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም፤ ጆሮዋም በጣም የደከመ ነበር። አንደኛው ጆሮዋ የተጎዳው በሠርጓ ዕለት ለመልካም ምኞት ከተበተነው ሩዝ አንዲት ፍሬ ገብታበት ነው። ይህች ሴት ማርች 12 ቀን 1912 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሳቫና ከተማ፣ አሥራ ስምንት ልጃገረዶችን ይዛ ጀመረች። ገንዘብ ሲያጥራት የዕንቁ ሐብሏን ሸጠች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ መንገደኛ እንዳያያቸው ሜዳው በሸራ ይጋረድ ነበር፤ ሴት ልጅ ስትሮጥና ሲያልባት መታየቷ ነውር ነበርና። ለሴት ልጅ ነውር የሚበዛው በእኛ አገር ብቻ ከመሰለሽ ይህን አስታውሺ። ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባም ቢሆን መጫወታቸውን አልተዉም።

2. መሸከምና መምራት የተለያዩ ናቸው።

ከምክሮቼ ሁሉ ዋናው ይኼ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የእኛ ልጆች ኃላፊነት አያንሳቸውም። የባንኩን ደብዳቤ የምታነቢው አንቺ ነሽ። ሐኪም ቤት ከእናትሽ ጋር ገብተሽ ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ፣ እናትሽ ያለችውን በእንግሊዝኛ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈይው፣ ረከቦቱን የምታጥቢው፣ ሕፃን የምታባብይው አንቺ ነሽ። ይህ ሁሉ የተከበረ ሥራ ነው፤ ያሳደገችሽን እናትሽንም አልነቅፍም። ነገር ግን ልብ በይ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ማን እንደሚጠራ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ለደብዳቤው ምን መልስ እንደሚሰጥ የሚጠይቅሽ የለም። የተባልሽውን አሳምረሽ መሥራት ታውቂበታለሽ፤ ምን መሠራት እንዳለበት መምረጥን ግን ገና አልተለማመድሽም።

ጥሩ ትሩፕ የሚሰጥሽ ይህንን ልምምድ ነው። ትሩፕ የሚባለው የምትገቢበት ቡድን ነው። በወጉ በሚመራ ትሩፕ ውስጥ አዋቂዋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዝም ትላለች። ልጆቹ በዚህ ዓመት ምን እንሥራ ብለው ይከራከራሉ። አንዷ ፈረስ እንጋልብ ትላለች፤ አንዷ ሮቦት እንሥራ፤ ሌላዋ የእንስሳት መጠለያ ሄደን እናግዝ። ያለው ገንዘብ ይኼ ነው፤ ያሉት ቅዳሜዎች እነዚህ ናቸው፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ሐሳቧ የተሸነፈባትም ልጅ ከአሸናፊዎቹ ጋር ለመሥራት ትስማማለች፤ ይህን ደግሞ ስንት ትልቅ ሰው አልተማረውም። ያሰቡት ሳይሳካ ቢቀር የራሳቸው ምርጫ ነውና ለምን እንደሆነ ይነጋገራሉ። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ብትሳሳቺ የሚበላሸው አንድ ቅዳሜ ነው። በሠላሳ ዓመትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ መወሰን ብትጀምሪ ግን የሚበላሸው ብዙ ነው።

አዋቂዎቹ ሁሉን ወስነው ለእናንተ መቀባትና መለጠፍ ብቻ የሚተዉላችሁ ከሆነ፣ ያ ትሩፕ ስሙን እንጂ ሥራውን አልያዘም። እንዲህ ያለ ከገጠመሽ በትሕትና “ይህን እኛ ብንመርጥስ?” ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ መሪዎች ጥያቄውን በደስታ ይቀበሉታል፤ ደግሞም የመጀመሪያው የመሪነት ሥራሽ ይሆናል።

3. የደረሰሽን ትንሽ ሥራ እስከ መጨረሻው ያዢ።

ቤደን ፓወል ካመጣቸው ሐሳቦች ሁሉ ዕድሜ ያገኘው ልጆችን ስድስትም ስምንትም እያደረጉ በትናንሽ ቡድን ከፍሎ፣ ለየቡድኑ ከራሳቸው መካከል አለቃ መስጠት ነው። ካምፕ ስትወጪ ትልቅ ወረቀት ላይ የተሠራ የሥራ ሰሌዳ ታያለሽ፦ እሳት፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ጽዳት። ቡድኖቹ በየማዕዱ ይፈራረቃሉ። ዛሬ ጠዋት እሳት ያነደደ ቡድን ማታ ድስት ያጥባል።

ዝናብ ያደረበትን አንድ ጠዋት ላሳይሽ። እንጨቱ ርሷል። የእሳቱ አለቃ አሥራ አንድ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ናት። ሠላሳ ሰው ቁርስ ይጠብቃል፤ እንቁላሉ በሳህን ተመትቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ክብሪት ጠፋ፤ ሁለተኛውም ጠፋ። አንዷ “መሪዋ ታንድድልን” አለች። ልጅቷ ቀና ብላ ወደ መሪዋ አየች፤ መሪዋ እጇን ጃኬቷ ኪስ ከትታ ቆማለች። አትነቃነቅም። ያኔ ልጅቷ ክብሪቱን አስቀመጠችና ሰው ማሰማራት ጀመረች። አንዷን ከትልቁ ጥድ ሥር ዝናብ ያላገኘው ጭራሮ እንድትለቅም ላከች፤ ሌላዋን ወፍራሙን እንጨት ፈልጣ ደረቁን ውስጡን እንድታወጣ አዘዘች፤ ሁለቱን በነፋሱ አቅጣጫ አቆመቻቸው፤ የውሃው ባልዲ እሳቱ አጠገብ መኖሩንም አየች፤ ደንብ ነውና። እሳቱ ሲያያዝ የጮኸው ቡድኑ በሙሉ ነበር። ቁርሱ በጣም ዘገየ። ማንም አልሞተም።

ያቺ ልጅ በዚያ ጠዋት የተማረችውን በንግግር ልታስተምሪያት አትችይም። አለቃ የሆነችው ከሌሎቹ በልጣ እሳት ስለምታውቅ አልነበረም። ለእያንዳንዷ የሚስማማትን ሥራ ሰጥታ፣ ሥራው መሠራቱን እስከ መጨረሻው ስለተከታተለች ነው። እጇን ኪሷ ውስጥ ይዛ የቆመችው ሴት ሥራም ቀላል አይምሰልሽ፤ እናትነት የለመደ እጅ ከኪስ ሳይወጣ እንዲቆይ ማድረግ ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

4. ኩኪ ሽጪ፤ ሒሳቡንም አንቺ ያዢ።

የኩኪ ሽያጭ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ነው። ታሪኩ በ1917 ኦክላሆማ ውስጥ መስኮጊ በምትባል ከተማ ይጀምራል፤ የአንድ ትሩፕ ልጆች ራሳቸው ጋግረው ትምህርት ቤት ውስጥ ሸጡ። ዛሬ የሚጋግሩት ፋብሪካዎች ናቸው። ከሽያጩ የተወሰነው ለትሩፑ ይደርሳል፤ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑትም ልጆቹ ናቸው።

አንዳንድ እናቶቻችን “ልጄ መንገድ ላይ ቆማ ብስኩት ትሸጥ?” ብለው ይከፋሉ። እነዚያው እናቶች ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ዞረው አድገዋል። አስታውሺያቸው። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የትኛው ቤት መጀመሪያ እንደሚኬድ ይመክራሉ፤ ሳንቲሙን የምትይዝ የታመነች ልጅ ይመርጣሉ፤ በመጨረሻም ተቀምጠው እኩል ይካፈላሉ። አዋቂ አልነበረበትም። የኩኪው ጠረጴዛ የዚያ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሒሳቡ በወረቀት ይያዛል።

ጠረጴዛው ላይ የምትማሪው ይህ ነው። ስንት ካርቶን እንደምታወጪ ቀድመሽ ትገምቺያለሽ፤ ከልክ በላይ ካዘዝሽ ይተርፍብሻል። መልስ ትሰጫለሽ፤ ማታ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብና የተሸጠው ካርቶን መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ትፈልጋላችሁ እንጂ አንዷ ላይ አይፈረድም። ደግሞ ገዢሽን ማወቅ ትማሪያለሽ። ሽያጩ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ወገኖቻችን ወዳሉበት ስትሄጂ፣ ቲን ሚንት የሚባለው ኩኪ ወተትም ቅቤም እንቁላልም እንደሌለበት ንገሪያቸው፤ ጾመኛ ይበላዋል። ይህን አስባ የሄደች ልጅ፣ ሳታስብ ከሄደችው ይበልጥ ትሸጣለች።

በፌብሩዋሪ ብርድ ከአንድ ግሮሰሪ በር ላይ የቆመች የእኛን ልጅ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ለሚያልፈው ሰው ሳይሆን ለጠረጴዛው ነበር የምታወራው፤ ድምፅዋ አይሰማም፤ ዓይኗ ከካርቶኑ አይነሣም። ጓደኛዋ ስትሸጥ እያየች፣ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሲመጡ ቀና አለችና “ለልጅ ልጆችዎ ነው ወይስ ለራስዎ?” ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ቆሙም፤ ገዙም። ከዚያ በኋላ ያቺን ልጅ ዝም ማሰኘት አልተቻለም።

5. ሦስት ጊዜ እምቢ እስክትባይ አትመለሺ።

ሲልቪያ አሴቬዶ የምትባል ሴት አለች። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ላስ ክሩሰስ በምትባል ከተማ፣ ገንዘብ በሚያጥረው የሜክሲኮ ተወላጆች ቤት አደገች። በልጅነቷ ስካውት ገባች። አንድ ማታ ካምፕ ላይ ሰማዩን አንጋጣ ስታይ መሪዋ ልብ አለቻትና የከዋክብቱን ቅርጽ አሳየቻት፤ በኋላም የሳይንስ ባጅ እንድትሠራ አበረታታቻት። ልጅቷ ትንሽ ሮኬት ሠርታ አስወነጨፈች። ያው መንገድ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አድርሷት ምሕንድስና ተማረች፤ ናሳ ውስጥም ሠራች። ኋላ ደግሞ ያንኑ የገርል ስካውት ድርጅት በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መራችው።

እሷ ራሷ ደጋግማ የምትናገረው አንድ ነገር አለ። ኩኪ ስትሸጥ መሪዋ፣ ሰውዬው ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይልሽ ከደጁ አትሂጂ ብላታለች። ይህ ለእኛ ልጆች ከባድ ምክር ነው፤ አንድ ጊዜ እምቢ ሲሉን አንገታችንን ደፍተን “እሺ፣ አመሰግናለሁ” ማለት እናውቃለንና። ችክ በይ ማለቴ አይደለም። ጥያቄሽን በሌላ መልክ ደግመሽ አቅርቢው። ኩኪ ካልበሉ ለወታደሮች መላክ ይቻላል፤ ዛሬ ገንዘብ ካልያዙ በካርድ ይሆናል። ነገ ለነጻ ትምህርት ዕድል ስታመለክቺ፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ስትይ፣ ይህ ልማድ ያስፈልግሻል።

6. ጨዋ ሁኚ፤ ሐሳብሽን ግን አትዋጪ።

ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ልጅ ትመሰገናለች። ይህን አትጣይው፤ ማዳመጥ የማያውቅ መሪ አገር ያጠፋል። ትሩፑ ውስጥ ግን ዝም ካልሽ ሐሳብ የለሽም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስብሰባ ቢያንስ አንድ ነገር እናገራለሁ ብለሽ ለራስሽ ቃል ግቢ። ትንሽ ይሁን፤ ግን ይሰማ።

ተራው ደርሶሽ ስትመሪ ደግሞ ያልተናገረችውን ልጅ በስሟ ጠርተሽ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” በያት። የዝምታን ስሜት የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ ከሌሎቹ ቀድመሽ ታያታለሽ። ልጆቹን ጸጥ ለማሰኘትም መጮኽ አያስፈልግሽም። ስካውቶች ዘንድ የመሪዋ ቀኝ እጅ ሲነሣ ያየችው ሁሉ እጇን አንሥታ ዝም ትላለች፤ አዳራሹ በሰከንዶች ውስጥ ጸጥ ይላል። አንዲት ደቃቃ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሳታወጣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ልጅ ስታረጋጋ ማየት ያስደስታል።

7. ባጅ አትቁጠሪ።

ቬስትሽ ላይ የሚሰፉት ባጆች ያምራሉ፤ ሥራው ካልገባሽ ግን ጨርቅ ናቸው። ለመጀመሪያ እርዳታ ባጅ የተሸለመች ልጅ ወንድሟ ሲቆረጥ ቁስሉን ማጠብና ደሙን ማቆም ካልቻለች ባጁን ብትመልስ ይሻላል።

8. ሲሰጡሽ ተረከቢ፤ ሲያልቅ አስረክቢ።

በትሩፕ ውስጥ አለቅነት በተራ ነው። በዚህ ወር ገንዘብ ያዥ የነበረችው በሚቀጥለው ጸሐፊ ናት፤ ስብሰባ የመራችው ወንበር ደርዳሪ ትሆናለች። መጀመሪያ ላይ ቅር ይላል። “ጎበዝ ሆኜ ሳለሁ ለምን ተነሣሁ?” ትያለሽ።

እኔ ከስካውት ትምህርቶች ሁሉ ለእኛ ማኅበረሰብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። በስደት ያቋቋምናቸውን ማኅበራት ተመልከቺ። እድርና እቁብ በትጋት እንመሠርታለን፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ እንሠራለን፤ አመራር የሚለወጥበት ቀን ሲመጣ ግን ስንቱ ለሁለት ተከፈለ። የተነሣው ይቀየማል፤ የተተካው የቀድሞውን ሰነድ አያገኝም። ሥልጣንን ማስረከብ በልጅነት ስላልለመድነው ነው። አንቺ ደብተሩን ለሚቀጥለዋ ስትሰጪ ሒሳቡን አስተካክለሽ፣ ያላለቀውን ሥራ ጽፈሽ፣ ለወር ያህልም ጠያቂ ካላት መልስ እየሰጠሽ አስረክቢ። በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ይህን ካደረግሽ ከብዙ ሊቀመንበር ትበልጫለሽ።

9. አንድ አንቺ ብቻ ብትሆኚም ግቢ።

ምናልባት በትሩፑ ውስጥ ሐበሻዋ አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። ስለ ጸጉርሽ ይጠይቁሻል፤ ስምሽን ያጣምማሉ። ስምሽን ታግሠሽ አስተካክዪ፤ አሳጥረሽ ግን አትስጫቸው። የምትጾሚ ከሆነ ለካምፑ ምግብ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሙስሊም ከሆንሽ የአሳማ ሥጋ እንደማትበዪና የሶላት ሰዓት እንደሚያስፈልግሽ ተናገሪ፤ ሒጃብሽም ከዩኒፎርሙ ጋር ይሄዳል። ስካውቶች በሚገቡት ቃል ኪዳን ውስጥ ፈጣሪንና አገርን ማገልገል፣ ሰውን ሁሉ መርዳት አለበት፤ ከአስተዳደግሽ ጋር የሚጣላ ነገር አታገኚበትም።

ካንቺ በፊት በሩ ላይ የቆሙም አሉ። ቴኔሲ ውስጥ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ጆሴፊን ግሮቭስ ሆሎዌይ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1920ዎቹ የጥቁር ልጃገረዶችን ትሩፕ ጀመረች። ነጮቹ ለዓመታት እውቅና ከለከሏት። አላቆመችም፤ ያለ እውቅና አስተማረች። ትሩፑ በይፋ የተመዘገበው በ1942 ነው። በ1975 ደግሞ የሂዩስተን ተወላጅ የሆነችው ግሎሪያ ዲን ራንድል ስኮት የመላው አሜሪካ ገርል ስካውት ብሔራዊ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ይህች አገር እስካሁን ሦስት ሴቶች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነውላታል፤ ማደሊን ኦልብራይት፣ ኮንዶሊዛ ራይስና ሂላሪ ክሊንተን። ሦስቱም በልጅነታቸው ገርል ስካውት ነበሩ።

ስካውት የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉሽም አይጠፉም። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ስካውቶች ሻርፕ በአንገታቸው አስረው በሰልፍ ሲያልፉ ያየ የእኔ ዘመን ሰው ብዙ ነው። ቤደን ፓወል ራሱ የተቀበረው ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ኒየሪ ነው።

10. ሰፈርሽን የሚጠቅም ሥራ ሠርተሽ ውጪ።

ከአራተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉት ብሮንዝ፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉት ሲልቨር፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያሉት ጎልድ አዋርድ የሚባሉትን፣ ሰፈርን በሚጠቅም ሥራ የሚገኙትን ሽልማቶች መሥራት ይችላሉ። ለጎልዱ የሚመከረው የሥራ ጊዜ ቢያንስ 80 ሰዓት ነው። ልብስ ሰብስቦ አንድ ቀን ማከፋፈል አይበቃም፤ የችግሩን ሥር መርምረሽ፣ ዕቅድሽን አስጸድቀሽ፣ ሰው አስተባብረሽ፣ አንቺ ኮሌጅ ስትገቢም የሚቀጥል ሥራ መሆን አለበት።

ምሳሌ ልስጥሽ። በሰፈራችሁ ያሉ አረጋውያን መድኃኒታቸውን አዛብተው ይወስዳሉ እንበል። ለምን? ማዘዣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ ፋርማሲው ውስጥ መጠየቅ ያፍራሉ። እንግዲህ አንዲት ፋርማሲስት ታነጋግሪያለሽ፤ ጠዋት፣ ቀንና ማታ የሚወሰደውን በሥዕልና በአማርኛ የሚያሳይ ቅጽ አብራችሁ ታዘጋጃላችሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶችን ታሠለጥኛለሽ፤ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጠረጴዛ እንዲሰጣችሁ ሰበካ ጉባኤውን ታስፈቅጃለሽ። ያኔ ካህኑንም፣ ፋርማሲስቷንም፣ የእድሩን ዳኛም የምታስተባብሪው አንቺ ነሽ። ትልልቅ ሰዎችን ሳታዋርጂ መምራት የምትለማመጂው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ሌላው የማያየውን ችግር ታያለች፤ ይህ ትልቅ ሀብትሽ ነው።

11. ይህኛው ለእናትሽ ነው።

እህቴ፣ ልጅሽ ውጭ እንድታድር መፍራትሽ ትክክል ነው፤ ሳትጠይቂ አትላኪያት። ደንቡ ግን ይህ ነው፦ ከልጆቹ ጋር ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው ቢያንስ ሁለት የተፈቀደላቸው አዋቂዎች ይኖራሉ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ናት፤ የወንጀል ታሪካቸው ይጣራል፤ ወንድ አዋቂ ልጃገረዶቹ በሚተኙበት ክፍል አያድርም። ይህ የማይከበርበት ትሩፕ ካየሽ ልጅሽን አውጪ። መጀመሪያ የቀን መርሐ ግብር ላይ አብረሻት ዋዪ፤ ከዚያ ወስኚ።

የወንዶቹ ስካውት ድርጅትም ከ2019 ጀምሮ በሁሉም ደረጃ ሴቶችን ይቀበላል፤ በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ አድርጓል። ወንድሟ እዚያ ካለ እሷም እዚያ ብትገባ አልቃወምም። ዓይን አፋር ለሆነች ልጅ ግን የሴቶቹን አስቀድማለሁ፤ ድንኳኑን የሚተክለውም፣ መዶሻውን የሚያነሣውም፣ ካርታውን የሚያነበውም ሁሉም ሴት ስለሆነ፣ ሥራውን ለወንድ ትታ የምትቆምበት ምክንያት አይኖራትም።

ገንዘብ ካስቸገረሽ ድጋፍ አለ፤ ቅጹን ሙዪ፤ ልመና አይደለም። ጊዜ የለኝም ካልሽም እውነትሽን ነው፤ ግን አብረውሽ ከሚሠሩት፣ አብረውሽ ከሚያስቀድሱት ሴቶች አንዷን ያዢ። ሁለት ሆናችሁ ተመዝግባችሁ፣ የልጆቻችሁን ጓደኞች ሰብስባችሁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ስብሰባ ክፍል ትሩፕ ማቋቋም ትችላላችሁ። ሥልጠናውን ድርጅቱ ይሰጣችኋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሆናችሁ የአገሪቱ ዋና ከተማ ገርል ስካውት ምክር ቤት ይቀበላችኋል።

የአባልነት ዓመቱ በኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ምዝገባው ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ልጄ፣ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሺና ዛሬ ማታ እናትሽ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት አብራችሁ ሙሉት።